ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌስኮፕና ማውንት ልገዛ ነው፤ ለጅማ ሰማይ የትኛው ይሆናል?

የኮቺው_ልጅ — ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ክረምቱን የቆርቆሮ ድምፅ እየሰማሁ፣ ስልኬ ላይ ሰው ያነሳውን ኔቡላ (የሰማይ ጋዝና አቧራ ደመና) እያየሁ ጨረስኩት። ህዳር ገብቶ ሰማዩ እስኪከፈት ዝግጅቴን ልጨርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ መስከረም መጨረሻ ላይ ከአሜሪካ ትመጣለች። «አንድ ነገር ጠይቀኝ» ስትለኝ ቴሌስኮፕ አልኳት። ጨረቃና ሳተርን ማየቱ አይከፋኝም፣ ልቤ ያለው ግን ጋላክሲና ኔቡላ ፎቶ ማንሳት ላይ ነው። በጀቱ 1000 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፍኩ ስልኬን ማንሳት ታቆማለች።

ካሜራዬ ያገለገለ ካኖን 600ዲ ነው። 18-55 ሌንስና 50 ሚሊ ሜትር 1.8 አለኝ። ላፕቶፕም አለ። ይንቀራፈፋል፣ ግን ይሠራል።

ሳነብ ሳነብ ልቤን የወሰደው ባለ 200 ሚሊ ሜትር ኒውቶኒያን፣ በመስታወት የሚሠራው ቴሌስኮፕ፣ ነው። ፎካል ሌንግዙ፣ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው ርዝመት፣ 1000 ሚሊ ሜትር ነው። ሲያዩትም ቴሌስኮፕ ይመስላል! ማውንቱን፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ከሰማዩ ጋር የሚያዞረውን፣ ኢኪው5 ባደርገውስ? ወይስ ከማውንቱ ላይ ቆጥቤ ቴሌስኮፑን ከዚያም ላሳድገው? የማነሳው እዚሁ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ካለው ግቢያችን ነው። በናታችሁ ሳትስቁብኝ መልሱልኝ።

ፍኖተ_ሐሊብ — ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 4:02

አንስቅም። ሁላችንም በዚያው በር ነው የገባነው።

ቴሌስኮፑን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ ማውንት ነው የምትገዛው። የተረፈህ ብር የፈቀደውን ያህል መስታወት ወይም ሌንስ ትጭንበታለህ። በዓይን የሚያይ ሰው ተቃራኒውን ቢያደርግ ያዋጣዋል። ለፎቶ ግን እንደዚህ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይሄዳል። በአንድ ሰከንድ ሲሆን 15 የቅስት ሰከንድ (የቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ነው) ማለት ነው። አሁን ወደ ካሜራህ እንምጣ። የ600ዲ አንዷ ፒክሰል 4.3 ማይክሮን ናት። 206ን በ4.3 አባዛና ለፎካል ሌንግዙ አካፍለው። በ1000 ሚሊ ሜትር አንዷ ፒክሰል 0.9 የቅስት ሰከንድ ሰማይ ትሸፍናለች። በ135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን 6.6። ስለዚህ ማውንትህ 5 የቅስት ሰከንድ ቢወዛወዝ በኒውቶኒያኑ ኮከቦችህ እንቁላል ይሆናሉ። በሌንሱ ግን መወዛወዙን አታውቀውም።

ደግሞ ክብደት አለ። ያ ቱቦ ለብቻው 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ካሜራና መከተያ ካሜራ (ኮከብ እያየ ማውንቱን የሚያርመውን) ስትጨምር ከ10 ያልፋል። የኢኪው5 አቅም ተብሎ የሚጻፈው ራሱ 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ያ ቁጥር ደግሞ ለዓይን ነው። ለፎቶ ከተጻፈው ግማሹን፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛውን ነው የምትጭነው። በዚያ ላይ የኒውቶኒያን ቱቦ ነፋስ ሲነካው ሸራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ርዝመቷ 3 ዲግሪ ያህል ነው። የሙሉ ጨረቃ ስድስት እጥፍ በለው። በ1000 ሚሊ ሜትር ካሜራህ የሚያየው 1.3 በ0.85 ዲግሪ ብቻ ነው። አንድሮሜዳን ላንሳ ብለህ ሄደህ እምብርቷን ይዘህ ትመለሳለህ።

ዶብ_ወዳጅ — ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 4:30

ይኸው ደግሞ ጀመራችሁ። ሰው ትልቅ ሲመኝ «ትንሽ ግዛ»! እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በ200 ኒውቶኒያን ነው የማነሳው። ኮከቦቼ ክብ ናቸው። ትንንሾቹን ጋላክሲዎች በ135 ሚሊ ሜትር አንሱ ብትባሉ ነጥብ እንጂ ጋላክሲ አታሳዩንም።

ፍኖተ_ሐሊብ — ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 4:36

@ዶብ_ወዳጅ ፎቶዎችህን አይቻለሁ፣ ያምራሉ። እስቲ ለልጁ ማውንትህ ምን እንደሆነና ስንት እንደወጣበት ንገረው።

ዶብ_ወዳጅ — ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 4:51

ኤችኢኪው5 ነው፣ ከኢኪው5 የሚበልጠው። ከመከተያ ቴሌስኮፕና ካሜራ ጋር። እሺ፣ በጠቅላላው ልጁ ካለው በጀት ከእጥፍ በላይ ወጥቶበታል። መጀመሪያ የገዛሁትን ኢኪው5 ደግሞ በኪሳራ ሸጬዋለሁ። ተመችቶሃል?

የኮቺው_ልጅ — ነሐሴ 13፣ ከጠዋቱ 1:15

ሃሃ፣ አመሰግናለሁ ዶብ። የኔን ኪሳራ ቀድመህ ከስረህልኛል።

እሺ፣ ኒውቶኒያኑን ተውኩት። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። 72 ሚሊ ሜትር የሆኑት ትንንሽ ሪፍራክተሮች፣ በሌንስ የሚሠሩት ቴሌስኮፖችስ? 420 ፎካል ሌንግዝ ያለው አይቻለሁ። ወይስ ቀጥታ ሌንስ?

ቡሳን — ነሐሴ 13፣ ከጠዋቱ 2:40

ሁላችሁም የተናገራችሁት ልክ ነው። ግን ጅማ መሆኑን ማንም አልጠየቀም። እኔም እዚሁ ከተማ ነኝና ልናገር።

ኢኳቶሪያል ማውንት እንዲሠራ አንዱ ዘንጉ በትክክል ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ሰማዩ ወደሚዞርበት ነጥብ፣ መጠቆም አለበት። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ዋልታውም ከአድማስ በላይ ያንኑ ያህል ነው ከፍታው። የሰሜን ኮከብም እዚያው አጠገብ ናት። እጅህን ዘርግተህ ጡጫ ብትጨብጥ ጡጫህ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። በቃ፣ እኛ ጋ የሰሜን ኮከብ ከአንድ ጡጫ ታንሳለች። አውሮፓ ያሉት በቪዲዮ «ቀና በሉና ፈልጓት» ይላሉ። እኛ ቀና ስንል ኦሪዮንን ነው የምናገኘው። እሷን የምንፈልገው ከአጥር በላይ ነው።

አሁን ወደ ግቢህ ውጣ። ስልክህ ላይ ባለው ኮምፓስ ወደ ሰሜን ዙርና ምን እንዳለ ንገረኝ። ማውንትህ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። 7 ሜትር የሚሆን የጎረቤት ፎቅ ከ43 ሜትር ከቀረበ የሰሜን ኮከብን ይከልልሃል። 20 ሜትር የደረሰ ባሕር ዛፍ ደግሞ እስከ 139 ሜትር ድረስ ይከልላል። ኮቺን ስለማውቀው ነው ይህን ሁሉ የማወራው።

ሁለተኛው ችግር ራሱ ማውንቱ ነው። አንዳንዱ ማውንት ዝቅ ብሎ ወደ 7 ዲግሪ አይወርድም። ከመግዛትህ በፊት መመሪያው ላይ የኬክሮስ ገደቡን እይ። 10 ወይም 15 ብሎ የሚጀምር ከሆነ እለፈው። የሚወርድም ቢሆን እኛ ጋ ዘንጉ ሊተኛ ምንም አይቀረውም። የሚዛን ክብደቱ ያለበት ብረት ቁልቁል ወርዶ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ማውንቱን ከትራይፖዱ ከፍ የሚያደርገውን ቱቦ አብረህ አስመጣ። የእኔ አንድ ሌሊት ጋላክሲ ሲከተል ቆይቶ እግሩን ገጭቶ ቆመ። ጠዋት ላይ 200 ፎቶ አገኘሁ፣ ሁሉም መስመር መስመር።

ደስ የሚለውን ደግሞ ልንገርህ። ከዚህች ከተማ ሁለቱንም ሰማይ እናያለን። ኦሪዮን ኔቡላ ከአናታችን 13 ዲግሪ ብቻ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል። ሮዜት ኔቡላማ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ኦሜጋ ሴንታውሪ፣ ያ ትልቁ የኮከብ ክምችት፣ 35 ዲግሪ ይወጣልናል። ለንደን ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን ከቤቱ አያየውም።

ሚሚ_ካሜራ — ነሐሴ 13፣ ከጠዋቱ 3:05

@ቡሳን ስምህ ግን ምን ማለት ነው? ሁሌ ልጠይቅህ እያልኩ እረሳዋለሁ።

ቡሳን — ነሐሴ 13፣ ከጠዋቱ 3:20

በቦረና የዘመን አቆጣጠር ፕሌይያዲስ፣ ማለትም ሰባቱ ከዋክብት፣ ቡሳን ይባላሉ። አያንቱዎቹ፣ የቦረና ዘመን ቆጣሪዎች፣ ወር የሚቆጥሩት ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ አጠገብ እንደወጣች እያዩ ነው። ያለ ማውንት!

የኮቺው_ልጅ — ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 1:30

ሜትር ይዤ ወጣሁ። በስተሰሜን የጎረቤት ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። ከግቢያችን መሃል 18 ሜትር ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ የውኃ ሮቶ ተሰቅሏል። እናቴ «ድንበር ልትካሰስ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አለቀልኝ ማለት ነው?

ፍኖተ_ሐሊብ — ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 2:00

አላለቀልህም። ኒና የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ሦስት ቦታ ፎቶ አንስቶ ኮከቦቹን ይለይና ዘንግህ ከዋልታው ስንት እንደሳተ ይነግርሃል። የሰሜን ኮከብን ማየት አያስፈልገውም። የሆነ ግልጥ ሰማይ ይበቃዋል። አንተ ብሎኑን እያዞርክ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ታወርደዋለህ።

ላፕቶፑ እንቢ ካለህ የድሮው ዘዴ አለ። መሃል ሰማይ አካባቢ ያለ ኮከብ ላይ ትጠቁማለህ። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እየተንሸራተተ ከሆነ ማውንቱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ታስተካክላለህ። ከዚያ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለ ኮከብ ይዘህ ከፍታውን ታስተካክላለህ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ይፈጅብሃል። በአሥረኛው ቀን አሥራ አምስት ደቂቃ።

ሚሚ_ካሜራ — ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 2:25

ልጁን ለምን ታሰቃዩታላችሁ? ሲስታር ኤስ50 ይግዛ። ሲወጣ 500 ዶላር ገደማ ነበር። ክብደቱ 2.5 ኪሎ ነው። ማውንቱ፣ ካሜራው፣ ቴሌስኮፑ፣ ሁሉም በአንድ። መሬት ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ስልክህ ላይ «ኦሪዮን» ትላለህ፣ ራሱ ያገኛል፣ ራሱ ፎቶዎቹን ይደራርባል። እኔ ያለኝ እሱ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው የማነሳው። ዋልታ የለ፣ ሮቶ የለ።

ቡሳን — ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 2:44

እውነት ነው፣ ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። ግን ለጅማ አንድ ነገር አለው። በተለመደው አሠራሩ ግራ ቀኝና ወደ ላይ ወደ ታች ነው የሚዞረው። እንዲህ ያለ ነገር አናት ላይ ሲደርስ ይቸገራል፣ ፎቶውም በራሱ ላይ ይሽከረከራል። የእኛ የበጋ ኔቡላዎች ደግሞ የሚያልፉት አናት ላይ ነው። አዘንብለህ በኢኳቶሪያል ተጠቀም ይባላል። በ7.7 ዲግሪ ግን ማዘንበል ማለት ማጋደም ነው። ትራይፖዱ ይዞት እንዳይወድቅ።

ሚሚ_ካሜራ — ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 2:58

አናት ላይ እስኪደርስ ማን ይጠብቃል? ወደ ምሥራቅ እያለ አነሳዋለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ። እናንተ ዋልታ ስታስተካክሉ እኔ ሁለት ኔቡላ ጨርሻለሁ። 😄

የኮቺው_ልጅ — ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 3:15

ሚሚ፣ ልታስቀይሪኝ ነበር። ግን ካሜራዬንና ሌንስ መጠቀም እፈልጋለሁ። ሠርግም አነሳበታለሁ። መሣሪያው ሁለት እንጀራ ቢበላ ለእህቴም ለማስረዳት ይቀለኛል።

ባጃጅ_ባትሪ — ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 3:31

መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ የሚል ሰው አልመጣም? መብራት ሲጠፋ ነው ሰማዩ የሚያምረው። ባትሪውን ለኔ ተውት።

ሀገር_ናፋቂ — ነሐሴ 14፣ ሌሊት 7:20

እኔ ካለሁበት ውጭ አገር ለእህቱ አንድ ነገር ልበል። ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። የኢኪው6-አር ዓይነት ከባድ ማውንት ራሱ ብቻ ከ17 ኪሎ በላይ ነው። አንድ ሻንጣ በላ ማለት ነው። ትራይፖዱና ክብደቱ ሌላ። ክብደቱን ደግሞ ከአሜሪካ ማስመጣት ሞኝነት ነው። ብረት ጅማም አለ። ጋራዥ ሄደህ ብረቱን በልኩ ያስበሱልሃል።

ትልልቆቹን የሊቲየም ባትሪ ሳጥኖች ደግሞ አታስብ። ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከ160 በላይ ከሆነ መንገደኛ ይዞት አይገባም። ለወንድሜ ልወስድ ስል ኤርፖርት ላይ ጥዬው ነው የሄድኩት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባጃጅ_ባትሪ — ነሐሴ 14፣ ከጠዋቱ 1:05

ይኸው፣ አላልኩም? 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት የሆነ የዩፒኤስ ባትሪ ግዛ። ድፍን ነው፣ አሲድ አይፈስም። የባጃጁን አትውሰድ፣ ቦርሳህ ውስጥ ከተገለበጠ ሱሪህንም ሌንስህንም ነው የሚበላው። ትንሽ ማውንት ሌሊቱን ሙሉ ያንቀሳቅስልሃል። ጫፉ ላይ ፊውዝ አድርግበት። ቀይና ጥቁሩን አታምታታ። ሰው ያምታታል።

ጋሽ_ሌንስ — ነሐሴ 14፣ ከጠዋቱ 4:40

ልጄ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ጅማ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስሠራ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኮከብ አንስቼ አላውቅም። የጅማን እርጥበት ግን አውቀዋለሁ። እዚህ አገር ሌንስ እንደ እንጀራ ይሻግታል። ቀልድ አይደለም። በመስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ያበቅላል። አንዴ ከገባ መስታወቱን ይበላዋል።

ከቆዳ ቦርሳው አውጣው። ቆዳው ራሱ እርጥበት ይይዛል። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የላስቲክ ሳጥን ግዛ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን ትንንሽ የሲሊካ ከረጢቶች ለምነህም ቢሆን ሰብስብ። እነሱን ከታች፣ ሌንሱን ከላይ። የውጭ ልጆች የማያውቁት የእኛ ጣጣ ይሄ ነው።

የኮቺው_ልጅ — ነሐሴ 14፣ ከቀኑ 6:10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የ18-55ቱን አውጥቼ በስልክ መብራት አየሁት። ጠርዙ ላይ ድር አለ። ለካ ስንት ሠርግ በሻጋታ ነው ያነሳሁት!

ጋሽ_ሌንስ — ነሐሴ 14፣ ከቀኑ 6:25

ሙሽሮቹ አላወቁም። አንተም ዝም በል። ሌንሱን ግን ከ50ው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጠው።

ፍኖተ_ሐሊብ — ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 2:15

ምርጫውን እንጨርስ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ስታር አድቬንቸረር ጂቲአይ ማውንት፣ እና ያገለገለ ሳምያንግ 135 ሚሊ ሜትር ኤፍ2 ሌንስ። ማውንቱ 5 ኪሎ ይሸከማል። ካሜራና ሌንሱ አንድ ላይ ሁለት ኪሎ አይሞሉም። በሁለቱም ዘንግ ሞተር ስላለው ዕቃውን ራሱ ይፈልጋል። መከተያ ካሜራ ዛሬ የለህም፣ ነገ ስትገዛ ይቀበለዋል። 72ቱ ሪፍራክተር 2 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በኋላ ትጭነዋለህ። ዛሬ ግን ያለ መከተያ 420 ሚሊ ሜትር ያበሳጭሃል። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ማውንቶች ጥርሳቸው ሲዞር በአሥር የሚቆጠር የቅስት ሰከንድ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

የ135ቱ ዕይታ 9.5 በ6.3 ዲግሪ ነው። የኦሪዮን መቀነትና ሰይፉ አብረው ይገባሉ። የፈረስ ራስ ኔቡላም፣ ትልቁ የኦሪዮን ኔቡላም።

እህትህ እስክትመጣ ቁጭ አትበል። 50 ሚሊ ሜትሩ አለህ። 500ን ለ50 ሲባዛ 1.6 (የካሜራህ ሴንሰር ማባዣ) አካፍል፤ ኮከቦቹ መስመር ሳይሆኑ የምታነሳበት 6 ሰከንድ ይሰጥሃል። ያለ ማውንት 4 ሰከንድ አድርገህ 200 ፎቶ አንሳና በሲሪል ወይም በዲፕ ስካይ ስታከር ደርባቸው። ሁለቱም ነፃ ፕሮግራሞች ናቸው። ከዚያ ፎቶ ላይ የምትማረውን እኔ በጽሑፍ አላስተምርህም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የውስጥ ማጣሪያው ያልተቀየረ ካሜራ የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን፣ 656 ናኖ ሜትር ላይ ያለውን፣ አብዛኛውን ይከለክላል። ስለዚህ ሮዜት ላይ አትጀምር፣ ደብዝዛ ታሳዝንሃለች። አንድሮሜዳ፣ ሰባቱ ከዋክብት፣ ኦሪዮን። ከእነዚህ ጀምር።

የኮቺው_ልጅ — ነሐሴ 15፣ ከጠዋቱ 12:50

ጨረስኩ። እህቴ ጋ ደውዬ አዘዝኩ። በጀቱ ትንሽ አልፏል፣ «ትንሽ» የሚለውን ቃል ለሷ አላብራራሁትም።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አጎቴ ማና ወረዳ የቡና ማድረቂያ አለው። ከህዳር እስከ ጥር ቡናው አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ሌሊት ዘበኛ ይጠብቀዋል። ሰሜኑ ገላጣ ነው። እዚያ ብሆንስ?

ቡሳን — ነሐሴ 15፣ ከጠዋቱ 1:30

ይህን እስካሁን ለምን ደበቅከን? ገላጣ ቦታ፣ ዘበኛ፣ እሳት፣ ደረቅ ወራት! ማና ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ስለሆነ የጅማ ብርሃን ከኋላህ ይሆናል። ለአንድሮሜዳና ለሰባቱ ከዋክብት ጥሩ ነው። የደቡቡን ሰማይ ስትፈልግ ግን በጅማ ብርሃን ላይ ልታነሳ ነው። ለሱ ከጅማ በስተደቡብ ያለው ደዶ ይሻላል።

ለአካባቢው ሰው ግን ቀድመህ ንገር። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ትራይፖድ ስተክል ሰፈሩ «መድፍ ተከለ» ብሎ ተሰብስቧል። ጨረቃን አሳይቻቸው ነው የተረፍኩት።

የኮቺው_ልጅ — ታህሳስ 9፣ ከጠዋቱ 3:20

ሰላም፣ ከጠፋሁ ቆየሁ። ትላንት ሌሊት ከማና ነው የመጣሁት። እንቅልፍ የለም፣ ግን ፎቶ አለ። 135 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ2.8፣ አይሶ 1600፣ 45 ሰከንድ። 80 አንስቼ 57 ተረፉ። 43 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው።

የ23ቱን ታሪክ ልንገራችሁ። አምስቱ የጤዛ ናቸው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሌንሱን ስነካው ረጥቧል። ከአልጋ ስፖንጅ ቆርጬ መከለያ አደረግኩለትና ተሻለ። አራቱን ነፋስ ወሰዳቸው። የቀሩት አሥራ አራቱ የዘበኛው ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ፣ ሽማግሌ ናቸው። ጅብ በጮኸ ቁጥር ባትሪያቸውን አብርተው ዙሪያውን ይቃኛሉ። ጅቡ ደግሞ ያን ሌሊት ወሬ በዝቶበታል። አራት ጊዜ ቀጥታ ሌንሱ ላይ አበሩ። አልቆጣቸው ነገር ሥራቸው ነው። በመጨረሻ ቀይ ፌስታል ፈልጌ የባትሪውን አፍ በላስቲክ አሰርኩላቸው። «አሁን ጅቡ እኔን አያየኝም» ብለው ተደሰቱ።

ዋልታውን በዘንጉ ቀዳዳ አየሁት። ቡሳን፣ አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ። ማውንቱ ስለሚተኛ ቀዳዳው አግድም ነው፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት። አንገት አያምም። ግን አድማሱ ላይ የማገዶ ጭስ ነበር፣ ኮከቧ ትጠፋለች ትመጣለች። በኒና ደግሜ አረጋገጥኩ።

ኦሪዮን ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ አናት አካባቢ ነበር። የመጀመሪያው 45 ሰከንድ አልቆ ምስሉ ሲወጣ አባባን ጠራኋቸው። ካሜራው ጀርባ ላይ ኔቡላው ክንፉን ዘርግቶ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ተመልሰው ካሜራውን አዩ። «እዚያ ላይ ይሄ የለም» አሉኝ። ብርሃኑ ከዚያ ለመድረስ 1300 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል ስላቸው፣ «ታዲያ 45 ሰከንድ ምን አስቸኮለህ?» አሉ።

ጥያቄ አለኝ። በላይኛው ቀኝ ጥግ ኮከቦቹ ክንፍ አውጥተዋል። ሌሎቹ ሦስት ጥጎች ደህና ናቸው። ማውንቱ ነው?

ፍኖተ_ሐሊብ — ታህሳስ 9፣ ከጠዋቱ 4:00

እንኳን ደስ አለህ! ማውንቱ ቢሆን ምስሉ በሙሉ ነበር የሚበላሸው። አንድ ጥግ ብቻ ከሆነ የሌንሱ መስታወት ትንሽ አዘንብሏል፣ ወይም ሌንሱ ካሜራው ላይ ሲገጠም ዘንበል ይላል። ያገለገለ ስለሆነ አይደንቅም። ወደ ኤፍ4 ዝጋውና ሞክር። ጥሩ ኮከብ ላይ፣ ሲሪየስ ወይም ካኖፐስ ላይ፣ በላይቭ ቪው 10 ጊዜ አጉልተህ ፎከሱን እንደገና አስተካክል። ካልተስተካከለ ጥጉን ቆርጠህ ጣለው። 9.5 ዲግሪ አለህ፣ አትሰስት።

ፍላት፣ የጠርዙን ጥቁረት የሚያርመውን ወጥ ብርሃን ያለው ፎቶ፣ አነሳህ? ጠርዙ የጠቆረ ይመስላል።

የኮቺው_ልጅ — ታህሳስ 9፣ ከጠዋቱ 4:12

አላነሳሁም። ለሱ ምን ያስፈልጋል?

ፍኖተ_ሐሊብ — ታህሳስ 9፣ ከጠዋቱ 4:15

ጎህ ሲቀድ ነጭ ጨርቅ ሌንሱ ላይ ወጥር፣ ወደ ሰማይ አዙር፣ 30 ያህል አንሳ። ፎከሱን እንዳትነካ። ሁለት እጥፍ የሆነ ነጠላ ይበቃል።

የኮቺው_ልጅ — ታህሳስ 9፣ ከጠዋቱ 4:21

የእናቴን ነጠላ ማና ድረስ ይዤ እንድሄድ ትፈልጋለህ። እሺ።

ዶብ_ወዳጅ — ታህሳስ 9፣ ከቀኑ 7:40

ፎቶው ያምራል። ኒውቶኒያን ቢሆን ኖሮ ትራፔዚየሙን፣ በኔቡላው እምብርት ያሉትን አራት ከዋክብት፣ ለይተህ ታሳየን ነበር። ይህን ሳልል እንዳልቀር ብዬ ነው።

የኮቺው_ልጅ — ጥር 20፣ ከምሽቱ 1:45

የማና ቡና አልቋል፣ ተጭኖ ሄዷል። አባባም ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ፎቶውን አሳትሜ ሰጥቻቸዋለሁ። ቀዩን ፌስታል ግን ከባትሪው ላይ አልፈታም ብለዋል።

ስለዚህ አሁን ቦታ የለኝም። የካቲት ላይ ሌሊት 6 ሰዓት አልፎ ካሪና ኔቡላ በደቡብ 22 ዲግሪ ላይ ትቆማለች። መጋቢት ዝናብ ሳይጀምር አንድ ሌሊት ደዶ መውጣት እፈልጋለሁ። ጨረቃ የሌለችበትን ቅዳሜ መርጫለሁ። ማን ይመጣል?

ሚሚ_ካሜራ — ጥር 20፣ ከምሽቱ 1:58

እኔ ከነብርድ ልብሴ።

ቡሳን — ጥር 20፣ ከምሽቱ 2:10

አለሁ። የማውቃቸው ሰዎች እዚያ አሉ፣ ቀድሜ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። መድፍ እንዳይሆንብን።

ጋሽ_ሌንስ — ጥር 20፣ ከምሽቱ 2:33

መኪናዬ አምስት ሰው ትይዛለች። ብርዱን ልቻለው አልቻለው አላውቅም፣ ግን ያን የሌለውን ነገር እኔም በዓይኔ ልየው።

ባጃጅ_ባትሪ — ጥር 20፣ ከምሽቱ 2:34

ባትሪው በኔ።